ስድስት ከተማ በ12 ቀን? ከእናትሽ ጋር ወደ ስዊድን ስትመጪ

ጥያቄው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «እህቴ ስቶክሆልም ትኖራለች። እኔና እናቴ ከሰኔ 5 እስከ ሰኔ 17 እሷ ጋ ልንከርም ነው፤ ቪዛችንም ወጥቷል። ስቶክሆልምን፣ ኡፕሳላን፣ ቪስቢን፣ ጎተንበርግን፣ ማልሞንና ኪሩናን ማየት እንፈልጋለን። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾምም አታፈርስም። ይቻላል? ካልተቻለስ የትኛውን እንተው?»

ሰላም እህቴ። እንኳን ቪዛው ቀናችሁ።

ይቻላል፤ ግን አታድርጊው። ስዊድን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። እዚህ ስዊድን የአስጎብኚነት ሥራዬን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቤተሰብ ልክ እንዳንቺ ስድስት ከተማ ብሎ መጣ። እኔም እንቢ ማለት ስላልደፈርኩ እሺ ብዬ ፕሮግራም አወጣሁላቸው። በስምንተኛው ቀን አባትየውን ምን እንደወደዱ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ሻንጣ ነው ያየሁት» አሉኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው አንድ ነው፤ ከተማ ቀንሱ፣ የመቀመጫ ጊዜ ጨምሩ። የስዊድን ከተማ ውበቱ ውሃ ዳር ቁጭ ሲሉ ነው የሚገለጠው። ለእናትሽ ጉልበትም የሚስማማው ይኸው ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ስቶክሆልም ዋና ማረፊያችሁ ትሁን። ኡፕሳላን ከዚያው ደርሳችሁ ተመለሱ። ቪስቢ ሁለት ሌሊት፣ ጎተንበርግ ሦስት ሌሊት እደሩ። ኪሩናን ተዉት። ማልሞ የሚወሰነው በመመለሻ ትኬታችሁ ነው፤ እሱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ከሁሉ በፊት ስለ ቀኑ። እናንተ የምትመጡት ሚድሶማር የሚባለው የስዊድኖች ትልቁ የበጋ በዓል ላይ ነው። ዋዜማው በፈረንጆቹ ከጁን 19 እስከ 25 ባለው ውስጥ በሚውለው ዓርብ ይከበራል፤ በእኛ ከሰኔ 12 እስከ 18 ማለት ነው። የዚያን ቀን ከተማው ጭር ይላል። ሰው ሁሉ ገጠር ወዳለው ጎጆው ወይም ወደ ደሴቶቹ ይሄዳል። ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ሙዚየምም እንዲሁ። የዚያን ዓርብና ቅዳሜ ጉዞ አታድርጉ። አስቤዛችሁን ሐሙስ ጨርሱና እህትሽ ቤት ሁኑ። ከሰዓት በኋላ እናትሽን ስካንሰን ውሰዷቸው። ስካንሰን ስቶክሆልም ውስጥ በ1891 የተከፈተ፣ ጣሪያ በሌለው ገላጣ ቦታ ላይ ያለ ሙዚየም ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ያረጁ የእንጨት ቤቶች ተተክለውበታል። በሚድሶማር ቀን በቅጠልና በአበባ የተሸፈነ ረጅም ምሰሶ ያቆሙና ትንሽ ትልቅ ሳይል ዙሪያውን ይጨፍራል። ሴቶቹ የአበባ አክሊል ጎንጉነው ይደፋሉ። እናትሽ የመስቀል ደመራን ያስታውሳሉ ብዬ እገምታለሁ፤ እኔን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ያስታወሰኝ እሱን ነበር። አበባው፣ ዙሩ፣ የልጆቹ ሩጫ።

ሌላው ብርሃኑ ነው። በሰኔ ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ተመልሳ ትወጣለች። መሐሉም ድቅድቅ ጨለማ አይሆንም። ለትልቅ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ እንቅልፍ ይነሳል። ለእናትሽ የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ግዢላቸው። ሆቴል ስትይዢም መጋረጃው ብርሃን የማያሳልፍ መሆኑን ጠይቂ።

አሁን ወደ ስቶክሆልም። ከተማዋ በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ናት። በአንድ ወገን የሜላረን ሐይቅ፣ በሌላው የባልቲክ ባሕር አለ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጋምላ ስታን ወደሚባለው አሮጌው ከተማ ነው፤ እናንተም ሂዱ፣ ግን በጠዋት። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ በሰው ይጨናነቃል። መሬቱ ኮብልስቶን ነው። እንደ አዲስ አበባው የተጠረበ ሳይሆን ክብ ክብና ጉብ ጉብ ያለ አሮጌ ድንጋይ ስለሆነ እናትሽ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ። ስቶርቶርዬት በተባለው አደባባይ አንድ አግዳሚ ወንበር ፈልጊና አስቀምጫቸው። እነዚያ ቀይና ቢጫ ቀለም ያላቸው ጠባብ ቤቶች በየፖስት ካርዱ የምናያቸው ናቸው። ያው አደባባይ ክፉ ቀንም አይቷል። በ1520 የዴንማርኩ ንጉሥ ዳግማዊ ክርስቲያን ምሕረት አድርጌያለሁ ብሎ ግብዣ ከጠራ በኋላ 80 የሚሆኑ መኳንንትና ጳጳሳትን እዚያው አሳርዷል። ከዚያ እልቂት አባቱን ያጣው ጉስታቭ ቫሳ ነው ዓምፆ ስዊድንን ከዴንማርክ ነፃ ያወጣው።

አንድ ሙዚየም ብቻ ምረጥ ብትይኝ ያለ ማመንታት ቫሳ ሙዚየምን እመርጣለሁ። ስሙ ከዚያው ንጉሣዊ ቤት የመጣ ነው። ንጉሥ ጉስታቭ ዳግማዊ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር ጦርነት ላይ ሳለ ዓለምን የምታስደንቅ የጦር መርከብ አሠራ። በሁለት ፎቅ የተደረደሩ 64 መድፎች ነበሯት። በኦገስት 10 ቀን 1628 ሕዝብ ወደብ ዳር ቆሞ እያየ ተነሣች። ወደ 1,300 ሜትር ሄደች። ንፋስ ገፋት፣ አዘነበለች፣ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ፣ ሰጠመች። ላይዋ ከበዳት፤ ከሥር የተጫነው ድንጋይ ለሚዛኑ አልበቃም።

እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ከመነሣቷ በፊት የሆነው ነው። 30 መርከበኞች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በአንድ ላይ እንዲሮጡ ተደርጎ ሚዛኗ ተፈትኖ ነበር። ሦስቴ እንደሮጡ መርከቧ እዚያው ወደቡ ላይ ልትገለበጥ ሆነና አስቆሟቸው። ሁሉም አየ። ንጉሡ ግን ቶሎ ትነሣ እያለ ይጽፋል፣ እሱም አገር ውስጥ የለም። «ጌታዬ፣ ይህች መርከብ አትሆንም» የሚለው ሰው ጠፋ። ከሰጠመች በኋላ ምርመራ ተካሄደ፤ አንድም ሰው አልተቀጣም።

መርከቧ 333 ዓመት ውሃ ውስጥ ቆየች። በ1961 ስትወጣ አካሏ ከሞላ ጎደል ሙሉ ነበር። ምክንያቱ የባልቲክ ባሕር ውሃ ጨዉ አነስተኛ መሆኑ ነው። በሌላው ባሕር እንጨት የሚበላው ትል እዚያ አይኖርም። ዛሬ የምታዩት ከ100 እጅ 98ቱ የዚያን ጊዜው እንጨት ነው። ስትገቡ አዳራሹ ጨለምለም ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ ሹራብ ያዙ። ዓይናችሁ እስኪለምድ ትንሽ ቁሙ። ከዚያ ጥቁር ቡናማ ግድግዳ የመሰላችሁ ነገር መርከብ ይሆናል። ወደ ኋላዋ ዙሩ። አንበሶች፣ መላእክት፣ የሮም ነገሥታት በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው በእንጨት ላይ ተቀርፀዋል። አሳንሰር ስላለ እናትሽ ደረጃ ሳይወጡ በየፎቁ ያዩታል። ሁለት ሰዓት ስጡት።

ወደዚያ ስትሄዱ አውቶቡስ አትያዙ። ከጋምላ ስታን አጠገብ ካለው ስሉሰን በጀልባ ሂዱ። የከተማው የአውቶቡስና የምድር ባቡር ትኬት ጀልባውንም ይሠራል፤ የ72 ሰዓት ወይም የሳምንት ትኬት ግዙና ገላገል በሉ።

ምድር ባቡሩ ራሱም መታየት አለበት። 100 ጣቢያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በሠዓሊዎችና በቀራፂዎች የተሠሩ ናቸው። ሰማያዊውን መስመር ያዙ። ቴ-ሴንትራለን በሚባለው ዋናው ጣቢያ ላይ ዋሻው በነጭ ተቀብቶ ትልልቅ ሰማያዊ ሐረግ ተስሎበታል። ወደ አንዱ ጣሪያ ቀና ብለሽ እይ። የሰው ጥላ የሚመስሉ ሰማያዊ ምስሎች አሉ። መሰላል ላይ የወጣ፣ መሣሪያ የያዘ። ጣቢያውን የሠሩት ሠራተኞች ናቸው። ሠዓሊው የሳለው ሥራው ላይ የነበሩትን አናጢና በያጅ ነው። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ቀጥሎ ሶልና ሴንትሩም ላይ ውረዱ። ጣሪያው እንደ እሳት ቀይ፣ ሥሩ አረንጓዴ የጽድ ጫካ ነው። መስመሩ ከዚያ ወደ ሁስቢ ይቀጥላል፤ ሌላው ቅርንጫፉ ደግሞ ወደ ሪንከቢ ይሄዳል። የሐበሻ ሱቅና እንጀራ በዚያ አካባቢ ስለማይጠፋ፣ የሥዕል ጉብኝቱ በሽሮ ሊያልቅ ይችላል።

የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃም በአስጎብኚ ይታያል። የኖቤል የእራት ግብዣ በየዓመቱ ዲሴምበር 10 የሚደረግበት እሱ ነው። ሰማያዊ አዳራሽ የሚሉት ክፍል ግድግዳው ቀይ ጡብ ነው። አርክቴክቱ ሰማያዊ ሊቀባው አስቦ ጡቡ ሲያምረው ተወው፤ ስሙ ግን ቀረ። ወርቃማው አዳራሽ ከ18 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የሞዛይክ ቁራጮች የተሠራ ነው። ጊዜ ካላችሁ ግቡ፣ ከሌላችሁም አትጨነቁ።

ኡፕሳላ ከስቶክሆልም በባቡር 40 ደቂቃ ብትሆን ነው። ካቴድራሏ 118.7 ሜትር ከፍታ አለው፤ ርዝመቱም ያው ነው። ዩኒቨርሲቲዋ በ1477 ተመሠረተ። ከተማዋ በተማሪና በብስክሌት የተሞላች ናት ብዬ ልለፈው፤ ለእናትሽ የምሻው ሌላ ነገር ነው። ካሮሊና ሬዲቪቫ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የብር መጽሐፍ ቅዱስ የሚሉት ብራና አለ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ የተጻፈ ወንጌል ነው። ብራናው ወይን ጠጅ ቀለም ተነክሮ ፊደሉ በብርና በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። ቋንቋው ጎቲክ ይባላል፤ ዛሬ የሚናገረው የለም። ስዊድኖች እጅ የገባው በ1648 ፕራግ ላይ በጦር ምርኮ ነው። እዚያ የሚገኙት 187 ቅጠሎች ናቸው።

አንድ ጊዜ እንደ እናትሽ ያሉ፣ ልጅነታቸውን ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ያሳለፉ አዛውንት ወስጄ ነበር። መስታወቱ ፊት ቆመው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ፍየል ነው በግ?» ብለው ጠየቁኝ። ሌላው ጎብኚ ዋጋውን ነው የሚጠይቀው። እሳቸው ግን ብራና ሲፋቅ ያዩ ስለሆኑ ቆዳውን ጠየቁ። መልሱን አላወቅኩትም ነበር። እሳቸው ከመስታወቱ ራቅ ቀረብ እያሉ የቀለሙን አያያዝ ሲያስረዱኝ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የዕይታ ሰዓቱንና መጽሐፉ ወጥቶ መቀመጡን ድረ ገጻቸው ላይ አረጋግጡ። ወደ ከተማዋ አሮጌ ቤተ መንግሥት የሚያስወጣው ዳገት ለጉልበት አይሆንም፤ ይቅርባችሁ። በፊሪስ ወንዝ ዳር ያለው መንገድ ሜዳ ነው።

ቪስቢ። እዚህ ላይ ትንሽ ልረዝም ነው፤ የምወዳት ከተማ እሷ ናት።

ቪስቢ ያለችው ጎትላንድ በሚባል ደሴት ላይ ነው። ከስቶክሆልም በከተማ ባቡር ወደ ኒነስሃምን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በመርከብ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይወስዳል። መርከቡ ትልቅ ነው፤ ወንበሩ ይመቻል፣ ካፌ አለው። ዳር ላይ ያለ ወንበር ያዙ። ወደብ ስትቃረቡ የከተማዋ ግንብ ይታያል። 3.4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ አብዛኛው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፣ ዛሬም ቆሟል። ጎንደርን ወይም ሐረርን ያየ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። የሐረር ጀጎል ርዝመትም በዚሁ ግድም ነው። ሁለቱም የነጋዴ ከተማ ግንቦች፣ ሁለቱም የዓለም ቅርስ ናቸው፤ ቪስቢ በ1995፣ ሐረር በ2006 ተመዘገቡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ግንቡን ግን ሳታዝኑ አትዩት። በ1361 የዴንማርኩ ንጉሥ ቫልደማር አተርዳግ ደሴቲቱን ወረረ። ገበሬው ያገኘውን ይዞ ወጣና ከግንቡ ውጭ ገጠመው። የከተማው ነጋዴዎች በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ። 1,800 የሚሆን ገበሬ እዚያው ከግንቡ ሥር አለቀ። ከዚያ ነጋዴዎቹ በሩን ለንጉሡ ከፈቱለት። በሥፍራው የድንጋይ መስቀል ተተክሏል፤ ከግንቡ ትንሽ ራቅ ይላል። አስከሬኑ ከነ ጥሩሩ በጅምላ ስለተቀበረ፣ ከቁፋሮው የወጣው አጥንትና የብረት ልብስ በከተማው ሙዚየም ይታያል። የአንዳንዱ ራስ ቅል የብረት ቆቡን እንደለበሰ ነው።

ከግንቡ ውስጥ ያለው ቪስቢ ሌላ ዓለም ነው። ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ በየደጃፉ ጽጌረዳ። ጣሪያቸው የፈረሰ አብያተ ክርስቲያናት በየመንገዱ አሉ። ከእነሱ ውስጥ ቅድስት ካሪን የምትባለው አደባባዩ ላይ ናት። ቅስቶቿ ብቻ ቀርተው ሰማዩ በመሐላቸው ይታያል። ወደ ምሽት 2 ሰዓት ግድም ሂዱ፤ ፀሐዩ በጎን ሲገባ ድንጋዩ የማር ቀለም ይይዛል። እናትሽን አስቀምጪና አንቺ ዞር ዞር በይ። ማረፊያ ስትይዢ ግን ተጠንቀቂ፤ ከተማዋ ተዳፋት ናት። «ከካቴድራሉ በታች፣ ወደ ወደቡ በኩል» ብለሽ ፈልጊ። ደግሞም በጁን መጨረሻ ፖለቲከኛና ጋዜጠኛ ሁሉ የሚሰበሰብበት የአልሜዳለን ሳምንት ስላለ አልጋ ይጠፋል፣ ዋጋውም ሰማይ ይነካል። ስለዚህ ቪስቢን ከሚድሶማር በፊት አድርጓት።

ሚድሶማር ካለፈ በኋላ ጎተንበርግ። ጣቢያው ላይ ስሙን ስትሰሚ «ዮተቦሪ» ይመስልሻል፤ እንዳትደናገሪ። ከስቶክሆልም በፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የባቡር ትኬት ቀኑ በቀረበ ቁጥር እየተወደደ ይሄዳል፤ ዛሬ ነገ ሳትይ አሁን ግዢ።

ጎተንበርግን በ1621 የመሠረታት ያው የቫሳ መርከብ ንጉሥ ነው። ቦዮቿን የቀየሱት ሆላንዶች ናቸው። ለእኛ ሰው ግን ጎተንበርግ ሲባል 1995 ነው። ኡሌቪ ስታዲየም፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ ኃይሌ በ10,000 ሜትር በ27 ደቂቃ ከ12.95 ሰከንድ ወርቅ፣ ደራርቱ በሴቶቹ ብር። ስታዲየሙ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስ ነው። ከውጭ ማየት ብቻ ቢሆንም እኔ ሰው ሳልወስድ አላልፍም። ኢትዮጵያ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ ስመ ጥር የሆነው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ያደገውም እዚሁ ከተማ ነው።

ሃጋ የሚባለው ሰፈር የሠራተኛ ሰፈር ነበር። ቤቶቹን ልብ ብለሽ እይ፤ ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ከላይ ያለው ሁለት ፎቅ እንጨት ነው። እሳት ስለሚፈራ ከሁለት ፎቅ በላይ የእንጨት ቤት መሥራት ክልክል ነበር። ሰዎቹም ዘዴ ፈጠሩ፤ ሥሩን ድንጋይ አደረጉና በላዩ ሁለት ፎቅ እንጨት ጨመሩ። ሕጉም ተከበረ፣ ቤትም ተገኘ። ዛሬ ሰፈሩ ካፌ በካፌ ነው። ሰሃን የሚያህል የቀረፋ ዳቦ ይሸጣሉ። ለእናትሽ አይሆንም፤ ቅቤና ወተት አለበት። አንቺ ካልጾምሽ ብዪልኝ።

ዋናው ግን ደሴቶቹ ናቸው። 11 ቁጥር ትራም ይዛችሁ እስከ መጨረሻው፣ ሳልትሆልመን ድረስ ሂዱ። ከትራሙ ወርዳችሁ ጥቂት እርምጃ ስትሄዱ ጀልባው አለ፤ ያው ትኬት ይሠራል። ስቲርሶ ላይ ውረዱ። ደሴቶቹ ላይ መኪና የለም። ሰው ዕቃውን የሚያመላልሰው ከፊቱ መጫኛ ባለው ባለሦስት እግር ሞፔድ ነው፤ ባጃጅን ለሚያውቅ ዓይን የዘመድ ያህል ነው። ከወደቡ ብዙ ሳትርቁ ባሕሩ ያለሰለሰው ሰፊ የጥቁር ድንጋይ መደብ ታገኛላችሁ። ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል። ነጠላ አንጥፉና ተቀመጡበት። ቴርሞስ ያዙ። እኔ ቤተሰብ ይዤ ስሄድ ሌላ ምንም አላቅድም፤ የዚያን ቀን ፕሮግራም ድንጋዩ ነው።

ስለ ማልሞ ቃል ገብቼልሽ ነበር። መመለሻ በረራችሁ ከኮፐንሃገን ከሆነ ከጎተንበርግ ወደ ደቡብ ውረዱና አንድ ሌሊት እደሩ። አየር ማረፊያው ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ከማልሞ በባቡር ከግማሽ ሰዓት ያነሰ። በ2000 የተከፈተው የኦሬሱንድ ድልድይ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕሩ ላይ ይሄድና ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ደርሶ ቀሪውን በባሕር ሥር ዋሻ ያልፋል። ፓስፖርት ከእጃችሁ አይጥፋ፤ ፍተሻ ሊኖር ይችላል። መመለሻችሁ ከስቶክሆልም ከሆነ ግን ማልሞን ተዉት።

ማልሞ ከደረሳችሁ ሁለት ነገር አትለፉ። አንደኛው ፈላፍል ነው፤ ከተማዋ የታወቀችበት ምግብ ነው። ሞለቫንገን በሚባለው የገበያ አደባባይ ዙሪያ ርካሽና ጥሩው አለ። የወተትና የማዮኔዝ ስጎውን አስቀርታችሁ በጣሂኒ ካዘዛችሁ የጾም ነው። ሁለተኛው እዚያው አጠገብ ያለችው ሉንድ ናት፤ በባቡር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ካቴድራሏ ውስጥ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ትልቅ የሰማይ ሰዓት አለ። በእኛ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ይሠራል፤ እሑድ የመጀመሪያው 7 ሰዓት ይሆናል። ላዩ ላይ ሁለት ፈረሰኞች ሰይፍ ለሰይፍ እያጋጩ ሰዓቱን ይደውላሉ። መለከት ይሰማል። ትንሿ በር ትከፈትና ሰብአ ሰገል ከነአሽከሮቻቸው አንድ በአንድ ወጥተው በድንግል ማርያምና በሕፃኑ ፊት እያጎነበሱ ያልፋሉ። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ገብታችሁ ፊት ወንበር ያዙ። ካቴድራሉ ሜዳ ላይ ስለሆነ ለጉልበትም ቀላል ነው።

ኪሩና ለምን ይቅር አልኩ? በሌሊት ባቡር ከስቶክሆልም 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው፤ ደርሶ መልስ ሁለት ቀናችሁን ይበላል። ሰው ኪሩና የሚሄድለት የሰማይ መብራት፣ ማለትም በሰሜኑ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚጨፍረው አረንጓዴ ብርሃን፣ በሰኔ አይታይም፤ ጨለማ የለማ። በዚያ ወራት ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም። ከተማዋን ግን አቃልዬ አይደለም። ሥሯ የብረት ማዕድን ስለሚቆፈር መሬቱ እየሰመጠ፣ ከተማው እየተነሣ ወደ ሌላ ቦታ በመሄድ ላይ ነው። በኦገስት 2025 በ1912 የተሠራውን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሳያፈርሱ ብድግ አድርገው በጎማ ላይ ጭነው በሁለት ቀን 5 ኪሎ ሜትር ወስደውታል። ሌላ ጊዜ በመጋቢት ወይም በየካቲት ለብቻው አምስት ቀን ያዢላት፤ ያኔ ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ መብራቱን የማየት ዕድል አለሽ።

አሁን ስለ ጾሙ። በሰኔ ወር የሐዋርያት ጾም ስለሚሆን እናትሽ እንደሚጾሙ ገብቶኛል። ስዊድን ለዚህ አትከብድም። ሱፐርማርኬት ውስጥ «ቬጋንስክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሁሉ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነፃ ነው። የአጃ ወተት በየካፌው አለ፤ ኦትሊ የተባለው የስዊድን ምርት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሐሙስ ሐሙስ በየምግብ ቤቱ ቢጫ የአተር ሾርባ ይቀርባል። ሲያዩት ክክ አልጫ ነው። ውስጡ ግን የዓሣማ ሥጋ አለበት። እናትሽ ደስ ብሏቸው ማንኪያ ከማንሣታቸው በፊት ጠይቂ።

ገንዘብን በተመለከተ ዶላር ቋጥራችሁ ብትመጡ አይጠቅማችሁም። ብዙ ቦታ የራሱን የአገሩን ጥሬ ገንዘብ እንኳ አይቀበሉም። ሽንት ቤት ሳይቀር በካርድ ነው የሚከፈለው። ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ከሌላችሁ እህትሽ በስሟ አንድ ካርድ ትስጣችሁና በኋላ ተሳሰቡ። የታሸገ ውሃ አትግዙ፤ የቧንቧው ንጹሕ ነው፤ ጠርሙስ ይዛችሁ እየሞላችሁ ጠጡ።

ሻንጣ ስትሸክፉ ደግሞ እናትሽ ለልጃቸው ቅቤና ቋንጣ ሳይቋጥሩ እንደማይመጡ አውቃለሁ። ተይ በያቸው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ካገኘው ይወስድና ይጥለዋል። አንድ እናት ዓመት ሙሉ ያነጠሩት ቅቤ ዓይናቸው እያየ ቆሻሻ ሲገባ አብሬያቸው ቆሜያለሁ፤ ከበረራው ይልቅ ያ ነበር ያደከማቸው። በርበሬው፣ ሽሮውና የተቆላው ቡና ይምጣ። ቅቤውን ከዚህ ከሱቅ ይግዙና ቅመሙን ከአገር ቤት ይዘው መጥተው እህትሽ ቤት ያንጥሩት። ኮሰረቱን አይርሱ፤ እዚህ እንደልብ አይገኝም።